በመዳፍ የወጣ ምስክር

አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ የተናገሩት ስለ ታማሚ ነበር። በሽታውን የደበቀው ሐኪሙ ሲሆንስ? ያን ጊዜ መድኃኒት የሚያጣው ሌላ ነው፤ ደባቂው ወፍሮ ይሰነብታል። ይሰነብታል እንጂ አይዘልቅም። ሬሳ ቢደብቁት ይበሰብሳል፤ ሕይወት ያለው ነገር ግን በተደበቀበት ይበዛል፤ በዝቶም ይመሰክራል። ይህን የሚያስረዳ ነገር በሸዋ ሮቢት ተፈጸመ።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ የለም። «ፈውሰ ይፋት» በተባለው የግል ሆስፒታል ግቢ፣ አስታማሚዎች ምሳ ዕቃቸውን አጠገባቸው አኑረው የማንጎውን ጥላ ይጋፋሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ናት። ከዲጃ ይሏታል። የአሊዩ አምባ ልጅ፤ በአራሶች ክፍል የተኛችው የዓሊያ የአጎት ልጅ።

ውሸት ነው።

ስሟ ከዲጃ አይደለም። አሊዩ አምባንም ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ለዚህ ሥራ ስትዘጋጅ። በሕክምና ስም የሚፈጸሙ ወንጀሎችን በስውር የሚመረምር ክፍል ባልደረባ ናት። በክፍሉ መዝገብ «ማሾ» ትባላለች። አስታማሚ መሆንን የመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችን ሆስፒታል አስታማሚን የሚያይ ዓይን የለም። ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ሽንት ይደፋል፣ ሲሚንቶ ላይ ያድራል። ሁሉ ይራመደዋል፤ ማንም አይመለከተውም።

የላብራቶሪው በር ተከፈተ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ቀጭን ሰው ወጣ። የላብራቶሪው ኃላፊ ዮሴፍ ነው። ለክፍሉ ምስጢር ሊያቀብል ቃል ከገባ አንድ ወር ሆኖታል፤ የምስጢር ስሙ «መስታወት» ነው። በእጁ ባለ ሦስት ደርብ ምሳ ዕቃ ይዟል። የእርሷም ምሳ ዕቃ ባለ ሦስት ደርብ ነው። ቀለሙ አንድ። በክዳኑ ላይ ያለው ጭረት እንኳ አንድ።

«ገንፎው ቀዘቀዘ እንዴ?» አላት፣ አጠገቧ እየተቀመጠ።

«ለአራስ የቀዘቀዘ አይቀርብም።»

«እንግዲያው ይኼኛውን ውሰጂላት። ትኩስ ነው።»

ተለዋወጡ። ምሳ ዕቃዎቹ ቦታ ሲቀያየሩ ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ድንቿን መላጥ እንኳ አላቋረጠችም።

«አራቱም አሉ?» ማሾ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ጠየቀች።

«አራቱም።»

«ሙቀቱ አያበላሻቸውም?»

«ሙቀቱ ለእኛ ሲኦል ነው። ለእነርሱ ሠርግ ቤት።»

ተነሣና ሄደ።

በታችኛው ደርብ አራት ክብ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህኖች ነበሩ። ዮሴፍ በስውር አኖርሁት እንዳለው፣ በእያንዳንዱ ላይ ከአንዲት እናት ቁስል የተወሰደ ባክቴሪያ በቅሏል። ሦስቱ እናቶች ሞተዋል። አራተኛዋ ዓሊያ ናት።

በግቢው በር ላይ ጋሼ በቀለ ነበር፤ ሆዱ ከቀበቶው ያመለጠ ሽማግሌ ዘበኛ።

«ቁሚ። ክፈቺው።»

«ገንፎ ነው፣ ጋሼ።»

«ገንፎ ሲገባ ነው የማውቀው። ሲወጣ አይቼ አላውቅም።»



እውነቱን ነው። ለአራስ ገንፎ ይገባል እንጂ አይወጣም። ይህን ሳታስብ ነበር የመጣችው።

«አልበላ አለቻ» አለች፣ ድምፅዋን ሰበር አድርጋ። «ለአባቷ ልወስድለት ነው። መስጊድ ደጅ ጦሙን ቁጭ ብሏል።»

የላይኛውን ደርብ ገለጠ። ገንፎ። ሁለተኛውን ገለጠ። ቅቤና በርበሬ። እጁ ወደ ሦስተኛው ወረደ።

«ይቺስ?»

«የቁስሏ ጨርቅ ነው፤ ላጥበው። መግሉ ስላለበት በጥፍርዎ እንዳይነኩት።»

«ከገንፎ ጋር?»

«ድኻ ዕቃ አያማርጥም፣ ጋሼ።»

እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። «ሂጂ ወዲያ! ምሳዬን ዘጋሽብኝ!»

ወጣች።

ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አጠገብ፣ ባርኔጣ የደፋ ሰው ጆንያ ይቆጥራል። ሽንኩርት ነጋዴ ይመስላል፤ ንጉሤ የተባለው አለቃዋ ነው። የምስጢር ስሙ «ሚዛን»። ምሳ ዕቃውን ተቀበላትና ከወንበሩ ሥር አኖረው።

«በሁለት ቀን ይደርሳል። አንቺ ከአልጋዋ አጠገብ አትለዪ።»

«ልጅቱ እየባሰባት ነው። በደጋው ወዳለ የተሻለ ሆስፒታል ትሂድ።»

«ማሾ። የእኛ ሥራ ምስክር ማውጣት ነው። ማዳን የሐኪም ነው።»

«ሐኪሙ አይደለም እንዴ የሚገድላት?»

ንጉሤ ወደ መኪናው ወጣ። ሞተሩን አስነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ካለፈው ጥር ወዲህ ሦስት እናቶች በዚያ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ወለዱ። በአራተኛው ቀን ቁስላቸው መረቀዘ። መርፌ ተወጉ፤ አልሠራም። ከበድ ያለውን ተወጉ፤ እርሱም አልሠራም። ሞቱ። የሦስቱም የላብራቶሪ ውጤት አንድ ነበር፦ «ባክቴሪያ አልበቀለም»። የሆስፒታሉ ባለቤትና ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ዶክተር ይልማ ለሐዘንተኞቹ የሰጠው መልስም አንድ ነበር፦ «ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነው። ቆለኛ ከከብቱ ጋር ያድራል።»

ሰው ገድሎ ሟችን መስደብ ከግድያው ይከፋል። ሟች አይመልስምና።

ማሾ በገባች በሦስተኛው ቀን የጥርጣሬዋን ቦታ አግኝታ ነበር። ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ጥግ አንድ ቢጫ ጄሪካን አለ። የቁስል ማጠቢያው ፀረ-ተሕዋስያን መድኃኒት ከእርሱ ይቀዳል። ነርሷን ሐረገወይንን እንደ ዋዛ ጠየቀቻት።

«እትዬ ሐረገወይን፣ ይኼ ጄሪካን መቼ ነው የሚታጠበው?»

ነርሷ ሳቀች። «የምን መታጠብ? መድኃኒት እኮ ነው! መድኃኒት ይታጠባል እንዴ? ሲጎድል እንሞላዋለን። ዶክተር ደግሞ ውኃ ጨምሩበት፣ ይበረክታል ብለዋል።»

ሲጎድል ይሞላል። ከቶ አይገለበጥም። በቀጠነ መድኃኒት ውስጥ ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ብርቱው ይቀራል፤ የቀረው ይዋለዳል። ማጽጃ ያሉት የወንበዴ ዋሻ ሆኗል። እያንዳንዷ እናት በእርሱ ትታጠባለች።

ዓሊያ የተኛችው በመስኮቱ በኩል ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከወለደች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። ሕፃንዋን አክስቷ ወስዳለች፤ በሰባተኛው ቀን ሊወጣ የሚገባው የሕፃኗ ስም አልወጣም። የዓሊያ አባት ሷሊሕ «ስም የምታወጣላት እናቷ ናት፤ ተነሥታ ታውጣ» ብሎ እምቢ አለ። ማሾ በልጁ አልጋ አጠገብ እንድትቀመጥ የፈቀደው እርሱ ነው። ማን እንደ ላካት ያውቃል፤ ስሟን አያውቅም።

«አብሽሪ ልጄ» ይላታል ዓሊያን፣ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እየዳበሰ። «አላህ ካለ ያልፋል።»

«አባ፣ ሆዴ ውስጥ ፍም አለ።»

ሐሙስ ጧት ዶክተር ይልማ ለጉብኝት ገባ። ረጅም፣ ንጹሕ፣ ሽቶ የተቀባ ሰው ነው። ሽማግሌው ከመሬት ተነሣለት። ሐኪሙ አላየውም።

«ይህችን የሚያስታምማት ማን ነው? አንተ ነህ?»

ሷሊሕ ሰባ ዓመት አልፎታል። በአገሩ ልጆች አንቱ ይሉታል። «እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

«እጅህን ትታጠባለህ?»

«በቀን አምስት ጊዜ።»

ከወዲያ አልጋ አንዲት ሴት በሻሽዋ ተሸፍና ሳቀች። ዶክተሩ ፊቱ ጠቆረ። «ቁስሉን በእጃችሁ እየነካካችሁ ስሜን ታጠፋላችሁ!» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመጡ መርማሪዎች ሆስፒታሉ ከምርቀዛ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ሊሰጡት ነበር። የሚንከባከበው ያን ወረቀት ነው።

ቀትር ላይ የማሾ ስልክ ጮኸ።

«እኅቴ፣ ሽንኩርቱ ደርሷል» አለ ንጉሤ። «አንድም የበሰበሰ የለበትም። ጤነኛ ነው። ወደ ቤትሽ ተመለሽ።»

ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአራቱም ሳህኖች የበቀለው ባክቴሪያ በማንኛውም መድኃኒት የሚሞት ተራ ነገር ነው። ሆስፒታሉ ነጻ ነው። ፋይሉ ይዘጋ።

ዓሊያን አየቻት። ጠንካራው መርፌ ከተጀመረላት አምስት ቀን ሆኗል። ትኩሳቷ አርባ ነው።

በተራ መድኃኒት የሚሞት ባክቴሪያ በጠንካራው እንዴት አልሞተም?

«ጋሼ ንጉሤ» አለች ቀስ ብላ። «ሽንኩርቱን ቆርጣችሁ ነው ያያችሁት። ዘሩን እዩልኝ።»

«ተመለሽ ብያለሁ።»

«ዘሩን! ከየትኛው ማሳ እንደ በቀለ ይነገረኝ። ከዚያ ሂጂ ብትሉኝ በእግሬ እሄዳለሁ።»



«አንድ ቀን ብቻ» አለ ንጉሤ። ተዘጋ።

ባክቴሪያም እንደ ሰው የትውልድ መጽሐፍ አለው። ዘረመሉን ፊደል በፊደል የሚያነብ መሣሪያ ከማን እንደ ተወለደ፣ የትኛውን መድኃኒት የሚሰብር ጂን እንደ ተሸከመ፣ ያን ጂን ከየት እንደ ተቀበለ ያነባል። አንዳንዱ የመቋቋሚያ ጂን ትንሽ ቀለበት በምትመስል የዘረመል ቁራጭ ላይ ይቀመጣል፤ ቀለበቲቱም ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ትተላለፋለች። ክፉ ሰው ክፋትን ለጎረቤቱ እንደሚያስተምር።

ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ፣ ስልኩ እንደ ገና ጮኸ። የንጉሤ ድምፅ ተለውጧል።

«አራቱም ጆንያ ከአንድ ዘር ነው። አንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም።»

«እኮ፣ ከዚሁ ማሳ!»

«አይደለም። የይፋት ዘር አይደለም። የሱቅ ምርጥ ዘር ነው። በየሱቁ መደርደሪያ ያለ። ገባሽ?»

ገባት።

በዓለም ላይ ያሉ ላብራቶሪዎች መድኃኒታቸውን የሚፈትኑበት አንድ የታወቀ ባክቴሪያ ያኖራሉ። የዋህ ነው፤ መድኃኒት ሁሉ ይገድለዋል። በማቀዝቀዣ ይኖራል እንጂ ከሸዋ ሮቢት እናቶች ቁስል አይወጣም። የዘረመሉ ንባብ በየአገሩ ተመዝግቧል፤ መታወቂያው በየቢሮው የተለጠፈ ሰው እንደ ማለት ነው። ዮሴፍ የእናቶቹን ባክቴሪያ አስቀርቶ በአራቱም ሳህን ላይ ያንን ዘርቷል። በሳህን ላይ ብቻ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። ዘሩን ለሚያነብ ግን ፊርማ ነው። አናጢ ለሌብነት ሲወጣም የሚያነሣው የለመደውን መሮ ነውና፣ ዮሴፍም ለሐሰቱ የመረጠው ዕለት ዕለት የሚተማመንበትን ባክቴሪያ ሆነ። ጥፋቱ ከሙያው ወጣ።

መስታወት ከድቷል።

ይህ ማለት ይልማ ማን መሆኗን ያውቃል ማለት ነው። ከመጀመሪያው ያውቃል። ያልነካት ስለሚፈልጋት ነበር፤ የንጽሕናውን ማስረጃ በገዛ መርማሪው እጅ ለማስላክ።

«ሚዛን፣ መኪናውን አቅርብ» አለች። ከዚህ በኋላ የሽንኩርት ወሬ አልነበረም። «ሁለት ናሙና አወጣለሁ። ከቁስሏና ከጄሪካኑ። እርሷንም ይዤ እወጣለሁ።»

«ምስክሩን ብቻ።»

«ምስክሩ እርሷ ናት!»

ዘወር ስትል ዮሴፍ በአራሶች ክፍል በር ላይ ቆሟል።

«ለምን አልሄድሽም?» አለ።

«ልጅቱ ታማብኝ።»

«ሥራሽ እኮ አልቋል።»

«ሥራዬ እንዳለቀ ማን ነገረህ? እኔ ዛሬ የማንም መልእክት ለአንተ አላደረስሁም።»

 ዓይኑን ሰበረ።

«ያንን ጄሪካን ባለፈው ወር እኔው መርምሬው ነበር» አለ በሹክሹክታ። «በቅሎበታል። ለዶክተሩ አሳየሁት። ከምስክር ወረቀቱ በኋላ እናጥበዋለን አለኝ። ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ።»

«ለሦስቱ ሟቾችም ልጆች ነበሯቸው። ከነገርከው በኋላ የሞተችው ስንተኛዋ ናት?»

ወደ ዶክተሩ ቢሮ በር ተመለከተ።

«ስንተኛዋ?»

«ሦስተኛዋ።»

ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሮጠ።

ደቂቃዎች ቀርተዋታል።

መጀመሪያ ያየችው የግቢውን በር ነው። ጋሼ በቀለ ተነሥቶ ሁለት ጎልማሶች ቆመዋል። አንዲት ሴት ጓንት አጥልቃ የአስታማሚዎችን ምሳ ዕቃ ባልዲ ውስጥ ትገለብጣለች። ሻሽ ይፈታል። ጫማ ይወልቃል። በዚያ በር ጠርሙስ አይወጣም። የቁስል መጥረጊያ ጎዝ አይወጣም። ክርም አይወጣም።

ቁስል ወደሚታጠብበት ክፍል ገባች። ሐረገወይን ጄሪካኑን ወደ ፍሳሹ ስትጎትት አገኘቻት።

«ድፊው ተባልሁ» አለች ነርሷ ግራ ተጋብታ። «አሁኑኑ ድፊው። ምን ሆኖ ነው?»

«እትዬ፣ ሦስቱን የገደላቸው እርሱ ነው።»

ነርሷ ጄሪካኑን ለቀቀችው። እጇን አየች። ስንት ቁስል በዚያ እጅ እንዳጠበች የምትቆጥር መሰለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ማሾ ክዳኑን ከፈተች። ጣቷን ስትሰድድ የጄሪካኑ ውስጥ ልሙጥ ነበር፤ ምንጭ ዳር እንዳለ ድንጋይ። ጎዝ ነክራ በደንብ ፈተገችው። በሌላው እጇ ከትሪው ላይ ምላጭ አነሣች።

ዕቃ ሁሉ ይፈተሻል።

ሥጋ አይፈተሽም።

የግራ መዳፏን፣ ከትንሿ ጣት ሥር፣ በረጅሙ ሰነጠቀች። ጎዙን በቁስሉ ውስጥ ጨመቀችው። እስከ አምስት ቆጠረች። እስከ አሥር። ጎዙን ወደ ፍሳሹ ጣለችና መዳፏን ከሻሽዋ ጫፍ በቀደደችው ቁራጭ አሰረች።

«አብደሻል?» አለች ሐረገወይን፣ እያለቀሰች።

«ድፊው እንግዲህ። የታዘዝሽውን ፈጽሚ። ነገር ግን ያየሽውን አትድፊው።»

ዶክተር ይልማ በአራሶች ክፍል ነበር። ዓሊያን ከአልጋዋ አስነሥተዋታል። የቁስሏ ፋሻ ተነሥቶ ተቃጥሏል። ሷሊሕ ልጁን ደግፎ ቆሟል።

«ውሰድና ቤትህ ትሙት» አለው ሐኪሙ። «እዚህ ሞታ ቁጥር አታበላሽብኝም።»

ሽማግሌው ቀና አለ። «ዶክተር፣ እኔ በሕይወቴ አህያዬን እንኳ ታማ ከደጄ አላባረርሁም።»

ይልማ ወደ ማሾ ዞረ። ፈገግ አለ።

«የአጎት ልጅ! ምስክርሽ የታለ?»

ምሳ ዕቃዋን ከአልጋው ሥር አነሣች።

«ፈትሿት።»

ፈተሿት። ምሳ ዕቃዋ ተገለበጠ። ስልኳ ተረገጠ። የልብሷ ስፌት ሳይቀር ተዳሰሰ። ባዶ እጇን ነበረች። ዶክተሩ የታሰረውን መዳፏን አየ።

«እጅሽን ምን ሆንሽ?»

«ክዳን ቆረጠኝ።»

ዓይኑ በጨርቁ ላይ ቆየ።

አንድ ትንፋሽ።

ሁለት።

«ታጠቢው» አለ በንቀት። «የቆላ ቁስል ይመረቅዛል።»

በሩ ተከፈተላቸው።

አይሱዙው ከሽንኩርቱ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ቆሞ ነበር። ንጉሤ ዓሊያን ተሸክሞ አወጣት። ትእዛዙን የሻረው በዝምታ ነበር። ሸዋ ሮቢትን ለቀቁ፤ ጠመዝማዛውን ወጡ። በደብረ ሲና ጉም ተቀበላቸው። ዓሊያ ተንቀጠቀጠች፤ አባቷ ኩታውን ደረበላት።

«ናሙናው የታለ?» አለ ንጉሤ።

መዳፏን አሳየችው።

ከመንገዱ ዳር አቆመና መሪውን በቡጢ መታው። «ማን አዘዘሽ? ማን አዘዘሽ?»

«መንዳትህን ቀጥል፣ ጋሼ።»

ከደጋው የመንግሥት ሆስፒታል ሲደርሱ ከሁለቱም ቁስል ናሙና ተወሰደ። በማግስቱ የማሾ እጅ እስከ አንጓው አበጠ። በሦስተኛው ቀን ንባቡ ደረሰ። በዓሊያ ሆድና በማሾ መዳፍ የበቀለው ባክቴሪያ አንድ ነበር፤ ከእልፍ አእላፍ ፊደል አንዱ ፊደል እንኳ አልተለየም። ጠንካራ የተባሉትን መድኃኒቶች የሚሰብረው ጂን በሁለቱም ውስጥ በአንዲት ቀለበት ላይ ተቀምጧል። አንደኛው ከታካሚዋ፣ ሁለተኛው ከጄሪካኑ። በሽታው ከቆላ ጎጆ አልመጣም። ከሐኪሙ ዕቃ መጣ።

ንባቡ ሌላም ነገር አሳየ። ያን ባክቴሪያ የሚገድል አንድ መድኃኒት ቀርቷል።

ሐኪሟ ኢየሩሳሌም የምትባል ድምፀ ዝግ ሴት ናት። ከማሾ አልጋ ጫፍ ተቀመጠች።

«መጋዘኑን ሁሉ አስፈትሼአለሁ» አለች። «ያለን ለአንድ ሰው የሚበቃ ነው። ሌላ እስኪመጣ አራት ቀን ይፈጃል። አራት ቀን የላችሁም።»

ማሾ እጇን አየች። ሁለቱ ጣቶቿ ጠቁረዋል።

«የእኔ በጣት ላይ ነው» አለች። «ጣት ይቆረጣል። የእርሷ በሆድ ውስጥ ነው። ሆድ አይቆረጥም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ዶክተር፣ ቢላዎ ንጹሕ ይሁን እንጂ።»

ትንሿና የቀለበት ጣቷ ተቆረጡ። መድኃኒቱ ለዓሊያ ተሰጠ። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ። በአሥረኛው ቀን ሾርባ ለመነች።

ያን ዕለት ሷሊሕ ማር የሞላ ቅል ይዞ ወደ ማሾ ክፍል ገባ። አልጋው ተነጥፏል። ሰው የለበትም። በመተላለፊያው ላይ ንጉሤን አገኘው።

«ያቺ ልጅ የታለች?»

«ሄደች፣ አባባ።»

«ስሟ ማን ነው? ከዲጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዱዓ የማደርግበት ስም ንገረኝ።»

«እንዲህ ያለች ሴት በእኛ መዝገብ የለችም።»

ሽማግሌው ቅሉን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አኖረ። «አላህ ያለ ስምም ያውቃታል» አለና ወደ ልጁ ተመለሰ።

ክፍሉ እጇ ምልክት ያለበትን ሰው ዳግም በስውር አያሰማራም፤ በሦስት ጣት የምትታወቅ ሴት አትደበቅምና። ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች አንዲት ከተማ በሌላ ስም የጽሕፈት ሥራ ተሰጣት። ጎረቤቶቿ ጣቶቿን ወፍጮ ቆረጣቸው ብለው ያምናሉ። አላረመቻቸውም።

ችሎቱ ስምንት ወር ፈጀ። ሐረገወይን መሰከረች፤ ያየችውን አልደፋችም። ዮሴፍ ሳህኖቹን እንደ ለወጠ አመነ። የሆስፒታሉ የቀዶ ጥገና ክፍል ታሸገ። በሟቾቹ ካርድ ላይ የነበረው «ባክቴሪያ አልበቀለም» ተሰርዞ እውነተኛው ውጤት ተጻፈ፤ የይልማም ስድብ በዚያው ተሻረ። ዮሴፍ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ዶክተር ይልማ በሦስት ሰው ሞትና ማስረጃ በማጥፋት ጥፋተኛ ተብሎ በአሥራ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ተቀጣ፤ የሕክምና ፈቃዱም ዳግም እንዳይመለስለት ተነጠቀ።